ዲስቻርጅ የሚባለው ቃልና የስድስት ዓመት ሥራዬ

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ የሕንፃችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓባያዋን በጥድፊያ ገልብጣ ለብሳዋለች፤ ስፌቱ በውጭ ነው። አባዬ ወደብ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ እማዬን በር ላይ ቆማ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ክፉ ክፉው ነው።

«ሰዓዳ ሙተርጂማ ሆነች!» አለችኝ ከሩቅ።

«ምን ሆነች?»

«አስተርጓሚ! ኢቃማዋ ላይ ተጽፎላት! በዓይኔ በብረቱ አይቼው መጣሁ!»

ቦርሳዬን አስፋልቱ ላይ ጥዬ እልል አልኩ። የሕንፃው ጥበቃ ደንግጦ ወጣና ችግር አለ ወይ ለማለት «ሙሽኪላ?» አለን። «ማፊ ሙሽኪላ!»፣ ምንም ችግር የለም፣ አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ። ሰውዬው ምኑም ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ኢቃማ እዚህ ዓረብ አገር የውጭ ሰው ሁሉ የሚይዘው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሙያ የሚል መስመር አለው፤ እዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ነህ፣ ሌላ ምንም አይደለህም። እትዬ ሰዓዳ በዚያ መስመር ስንት ዓመት ሙሉ «የጽዳት ሠራተኛ» ነበረች። ሆስፒታሉ ግን ያውቃል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሴት በታመመች ቁጥር መወልወያዋን አስቀምጣ የምትጠራው እሷ ነች። እሷ ከሌለች ደግሞ እኔ። አሁን እሷ በወረቀት ሆነች፤ እኔም በዚያው ቀን ጡረታ ወጣሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አትሳቁ። በፈረንጆቹ ከ2013 እስከ ዘንድሮ 2019 ድረስ ማንም ሳይቀጥረኝ ሠርቻለሁ። ሰው ሥራውን ሲጨርስ ትዝታውን ይጽፋል፤ እኔም መብቴ ነው። ደግሞስ እስከ ዓምና ድረስ አማርኛ ስጽፍ «ሀ»ውን ከ«ሐ»ው እየለየች የምታርመኝ እማዬ ነበረች፤ ዘንድሮ ግን እኔ ነኝ እሷን የማርመው። ስለዚህ ልጻፍ።

የመጀመሪያዋ አለቃዬ እማዬ ነች። ቅጥሩንም አልተጠየቅሁም። በ2013 አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ለማስተካከል ይሯሯጣል፤ ዳማም፣ አል አዳማ ሰፈር ያለው ቤታችን ደግሞ ዓርብ ዓርብ በሴቶች ይሞላል። ትምህርት ቤቴ በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምር፣ ዓረብኛውንም ከሕንፃው ልጆች ጋር ስጫወት ስለለቀምኩት፣ እማዬ ለመጣው ሁሉ «የኔ ልጅ ታነብልሻለች» ትላለች። እኔ ካርቱን እያየሁ ነው። መጀመሪያ የመድኃኒት ካርቶን ማንበብ ነበር፤ ቀጥሎ ደብዳቤ፤ ቀጥሎ ስልክ፤ በመጨረሻም ከቤታችን አምስት ደቂቃ ወደሚያስኬደው ሆስፒታል አብሬ መሄድ። ደሞዜ ተምር ነበር። አንዳንዴ ሽቶ።

እትዬ ሰዓዳን ያገኘኋት እዚያ ሆስፒታል ነው፤ ያገኘኋትም በውርደት። ሆዷን ያመማትን ሴት ይዤ ሄጄ ሐኪሙ «ስቱል» አምጪ ብሏታል። ስቱል በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል የምንቀመጥበት ነው። በደንብ አውቀዋለሁ።

«በርጩማ አምጪ ይልሻል» አልኳት።

«በርጩማ?» አለች ሴትየዋ ሆዷን ይዛ። «ከየት አባቴ ነው በርጩማ የማመጣው? ማዳም በርጩማ የላት፣ ሶፋ ነው ያላት!»

ከበስተኋላችን ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረች ሴት መወልወያዋን ይዛ ተንከተከተች። ሳቋን ስትጨርስ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ በርጩማው አይደለም የተፈለገው። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የምታወርደው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ እሷ ሆነች። የወሎ ሰው ነች፤ ከደሴ። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው። እንግሊዝኛዋን በሙሉ ያገኘችው ወለል እየወለወለች፣ ሐኪሞችና ነርሶች ከጭንቅላቷ በላይ የሚነጋገሩትን እየሰማች ነው። «እነሱ እንደ ግድግዳ ነው የሚያዩኝ፤ ግድግዳ ደግሞ ጆሮ አለው» ትላለች።

የሥራ ልማዶቿን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ የማልረሳቸውን ብቻ ልጻፍ። ለማስተርጎም ስትጠራ መጀመሪያ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና እጇን እስኪደርቅ ድረስ በሽርጧ ትጠርጋለች። ሐኪሙ ቢቸኩልም አትቸኩልም። «በእርጥብ እጅ የሰው ነገር አይያዝም» ትላለች። ቀጥላ ሐኪሙ ያለውን ቃል ለታማሚዋ አታቀብልም፤ መልሳ ለሐኪሙ ነው የምትሰጠው፣ በሌላ ቃል፣ በእጇ እያሳየች። እሱ «የስ» ካለ በኋላ ብቻ ወደ አማርኛ ትዞራለች። ታማሚዋንም «ገባሽ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። «ይሉኝታ የያዘው ሰው ሁሉ ገብቶኛል ይላል» ትለኛለች፤ «በይ ምን አልኩሽ? ብለሽ አስደግሚያት።»

ደግሞ ደብተር አላት። የተማሪ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ ኳስ ተጫዋች ያለበት። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ትጽፈዋለች፤ ለአንድ ቃል አንድ ገጽ። ሁለት መስመር ትጽፍና የቀረውን ባዶ ትተወዋለች።

«ለምንድነው ባዶ የምትተዪው?» አልኳት አንዴ።

«ለሌሎቹ ቤቶቹ።»

«የምን ቤት?»

«የፈረንጅ ቃል፣ ልጄ፣ እንደ ረጅም መንገድ ሹፌር ነው። በየከተማው ቤት አለው።» ከዚያ የኔ አባት ሹፌር መሆኑ ትዝ አላትና አፏን ያዘች። «ወላሂ አባትሽን አይደለም!»

ይህን ለአባዬ ስነግረው ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

አሁን ወደ ቃሌ ልምጣ። ዲስቻርጅ።

ከምወዳቸው ቃላት ሁሉ የምወደው ነበር። ሐኪሙ ዲስቻርጅ ካለ ታማሚዋ ድናለች፣ ትወጣለች ማለት ነው። የምሥራቹን የምነግረው እኔ፣ የምሳመው እኔ። በአማርኛችን «ከሆስፒታል መውጣት» ነው፤ እዚህ ያለን ሰዎች ግን እንዲህ ረዘም አድርገን አንናገርም፤ በዓረብኛው «ኹሩጅ» እንላለን፣ መውጫ። ነርሶቹም ኹሩጅ ነው የሚሉት። ችግሩ ኹሩጅ ሌላ ቤት አለው። ሰው ሥራው አብቅቶ ወይም ካፊሉ፣ ማለት አሠሪው፣ በቃኸኝ ብሎት አገር ለቅቆ የሚወጣበት የመጨረሻ ወረቀትም ኹሩጅ ነው። ለኔ ለትምህርት ቤት ልጅ ሁለት ኹሩጅ አለ። ቤተሰቧን ለመርዳት ባሕር ለተሻገረች ሴት ግን ያለው አንድ ኹሩጅ ብቻ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

በ2015፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ፋንታዬ የምትባል ልጅ ሆስፒታሉ ገባች። ከጎንደር በኩል ነው የመጣችው፤ ኾባር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ ዓመቷን ገና አልደፈነችም። የቤቱ ሰዎች ቅዳሜን ለማሳለፍ ኒስፍ አልቀመር በሚባለው የባሕር ዳርቻ የዕረፍት ቤት ተከራይተው ይዘዋት ሄደው ነበር። እዚያ ዕቃ ስታወርድ ሆዷን ያዛት። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና ያንኑ ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በየቀኑ ትጠይቃታለች፤ ግን ፋንታዬ ዓረብኛ ገና አልያዘላትም፤ ማዳም ደግሞ እየጮኸች ስትናገር የሚገባት ይመስላታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የሐኪም ጉብኝት አለ ተባለ። እትዬ ሰዓዳ ላይኛው ፎቅ ላይ ሥራ ነበራት። ስትሄድ «መጣሁ፤ ጠብቂኝ» አለችኝ። አልጠበቅኋትም። ምን ያስጠብቀኛል? ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የደብተሯን ግማሽ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ዶክተር ማቲው ገባ። ከህንድ ነው፣ ከኬረላ፤ ፈጣን ግን ሰው አክባሪ ነው። የፋሻውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ። ቁስሉ በዚያች ሰዓት ደረቅ ነበር። ፋሻውን መለሰና ወደኔ ዞረ።

«ኤኒ ዲስቻርጅ?»

እጄን አልጠረግሁም። ቃሉን በሌላ ቃል አልመለስኩለትም። ፈጥኜ ወደ ፋንታዬ ዞርኩ።

«ፋንታዬ፣ ኹሩጅ አለሽ ወይ ይልሻል።»

ፋንታዬ ከትራሱ ብድግ ልትል ፈለገችና ሕመሙ መለሳት።

«ኧረ በማርያም! የምን ኹሩጅ? ማፊ! ማፊ ኹሩጅ በይልኝ! ዓመቴን እንኳ መች ደፈንኩና! ደህና ነኝ በይው፣ ምንም የለብኝም በይው!»

«ኖ ዲስቻርጅ፣ ዶክተር» አልኩ።

«ጉድ» አለ ዶክተሩ፣ ጥሩ ማለቱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ። «ዜን ዲስቻርጅ።» እንግዲያውስ ዲስቻርጅ።

እዚያች ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ዲስቻርጅ የለም ካልኩት እንዴት ዲስቻርጅ ይላል? ጥያቄው አፌ ድረስ መጣ። ግን ሞኝ እንዳልመስል ዋጥኩት። ስድስት ዓመት ስሠራ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ያ ነው፤ ቃሉን አለማወቄ ሳይሆን ቆርቁሮኝ ዝም ማለቴ።

«ትወጫለሽ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«የትኛው ቤት?»

«የማዳም ቤት!»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ብላ አለቀሰች። እኔም ተሳምኩ።

ፋንታዬ ከወጣች በአራተኛው ቀን እትዬ ሰዓዳ የቤታችንን በር አንኳኳች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«ፋንታዬን በትኩሳት አምጥተዋታል። ቁስሏ መግል ቋጥሯል፤ እንደገና ሊከፍቱት ነው» አለችኝ። «ሆስፒታል እያለች ይወርዳት ነበር አሉ። አንሶላው እንዳይቆሽሽ ብላ መታጠቢያ ቤት እየገባች በሶፍት ስትጠርገው ነበር። ዶክተሩ ፈሳሽ አለሽ ወይ ብሎ ጠይቆ የለም ብላለች፤ ፋይሉ ላይ አለ። ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

እንዳልኩት ደገምኩላት።

«ኹሩጅ አለሽ ወይ ብዬ።»

እትዬ ሰዓዳ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ሱብሐነላህ» አለች ዝግ ብላ። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን ከኪሷ አውጥታ «ዲስቻርጅ» የሚለውን ገጽ ገለጠች። ሁለት መስመር «ታማሚ ሲወጣ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈችበት፦ «ከቁስል፣ ከጆሮ፣ ከማሕፀን የሚወጣ ፈሳሽ። መግል።»

«እኔም አላስተማርኩሽም» አለችኝ። «አሁን ሌላ ጉድ አለ። ካፊሉ መጥቷል። ዋሽታናለች፣ ደብቃ ነው፣ ስትድን ኸላስ፣ በቃ፣ ኹሩጅ ትመታለች እያለ ነው።»

እስቲ አስቡት። ፋንታዬ ኹሩጅን ፈርታ የለም ያለችው የለም በማለቷ ኹሩጅ ሊያስመታት ነው። አመጣጧን አውቃለሁ፤ ታናናሾቿን ልታስተምር ነው የመጣችው፤ ባዶ እጇን ስትመለስ ታየችኝ፣ ሆዷ ላይ ጠባሳ ይዛ። በዚያ ላይ ዋሽታለች ተብላ።

«ሄደሽ ለዶክተሩ ትነግሪዋለሽ» አለችኝ እትዬ ሰዓዳ።

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ አልነበርኩም።»

«አባዬን ከሥራ ቢያስወጡብኝስ? ፖሊስ ቢጠሩብኝስ?»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። ፋይሏ ላይ ያለው ውሸት የሷ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲቀርብ ይነሳል። ቃሉን ያጣመምሽው አንቺ፣ የምታቃኚውም አንቺ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እወለውላለሁ።»

እማዬ ከጓዳ ሁሉን ስትሰማ ኖሮ ዓባያዬን አምጥታ ሰጠችኝ።

ፋንታዬ ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና ወጥታ ተኝታለች። ዶክተር ማቲው ክፍሉ ውስጥ ከካፊሉና ከማዳም ጋር እያወራ ነው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሁሉ ስለማመደው መጥቼ በሩን ስከፍት ጠፋብኝ። ስለዚህ በዓረብኛ ጀመርኩ። ይሄ ዕድል ሆነ፤ ሁሉም ሰሙት።

«ፋንታዬ አልዋሸችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ዶክተሩ ከቁስልሽ የሚወጣ አለ ወይ ነው ያላት። እኔ ኹሩጅ አለሽ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኋት። ከአገር ልታባርሯት መስሏት ነው የለም ያለችው።»

ከበሩ ውጭ መወልወያው ወለሉን ሲያሽ ይሰማል።

መጀመሪያ የገባት ማዳም ነች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሳቀች መሰለኝ፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ባሏ ዞራ «ሰማህ? እኛን ፈርታ እኮ ነው! በአልጋ ላይ ሆና፣ በመርፌ ተወግታ፣ የምትፈራው እኛን ነው!» አለችው። ካፊሉ ከአሥር ደቂቃ በፊት እሱ ራሱ ኹሩጅ ሲል ነበር። ጢሙን አሻሸ። ከዚያ «ኸላስ» አለ። ይሄኛው ኸላስ የማባረሪያው ኸላስ አልነበረም፤ ነገሩ እዚህ ይብቃ የሚለው ነበር። አያችሁ፣ ዓረብኛውም ቤቱ ብዙ ነው።

ዶክተር ማቲው ፋይሉን ስቦ እያየሁት ጻፈበት። ታማሚዋ ጥያቄው በትክክል አልደረሳትም ነበር፣ የሚል ነው፤ ጽፎ አነበበልኝ። ቀና ብሎም «ግማሹ ጥፋት የኔ ነው» አለኝ። «ሁለት ፊት ያለውን ቃል ለአንዲት ልጅ ወርውሬ ሄድኩ።» ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሐኪም ለኛ ሰው ዲስቻርጅ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በጣቱ ቁስሉን እያሳየ «ውኃ? ደም? መግል?» ይላል። መግል የሚለውን በአማርኛ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። «መጋል» ነው የሚለው፤ ግን ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ለራሷ ለፋንታዬ መንገሩ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቃት አልጋዋ አጠገብ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኳት።

«እና እኔ የታመምኩት በቃል ነው በይኛ» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እታለም።»

ፋሻዋን ዳሰስ አደረገችው። «ይቺ ስትሽር ያንቺ ፊርማ ነች። በየሄድኩበት ተፈርሞብኝ ልኖር ነው!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ደግሞ ቁስሏን አመማትና «አታስቂኝ አንቺ ክፉ!» ብላ ተቆጣችኝ። ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ።

ቃሉን ግን አልለቀቅሁትም። በማግስቱ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። የመሳደብ ያህል ነበር የገለጥኩት፤ ስንት ቤት እንዳለው ልቁጠርበት ብዬ። መርከብ ሲራገፍ ዲስቻርጅ። ጠመንጃ ሲተኮስ ዲስቻርጅ። ወታደር ሲሰናበት፣ እስረኛ ሲለቀቅ፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ ሠራተኛ ሲባረር፣ ሰው ግዴታውን ሲወጣ፣ ቁስል ሲመግል፤ ሁሉም ዲስቻርጅ። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል የዘር ሐረጉ ተጽፏል። ከድሮ የላቲን ቃል ነው የሚነሳው፤ ትርጉሙም ጋሪ። ከጋሪው «ጋሪ ላይ መጫን» የሚል ግስ ወጣ፤ ከሱ ቻርጅ መጣ። ዲስ ሲጨመርበት ደግሞ የተጫነውን ማራገፍ።

ቤት ሄጄ አባዬን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ዲስቻርጅ የሚባል ቃል ታውቃለህ?»

«እንዴ፣ በየቀኑ! መርከቧ ዲስቻርጅ ጀመረች ሲሉ ነው እኛ መኪናችንን የምናስጠጋው።»

«እና ምን ማለት ነው?»

«ማራገፍ ነዋ!» አለኝ፣ ምን ያለች ሰነፍ ተማሪ ነች በሚል ዓይን።

የመዝገበ ቃላቱን ሥር አባቴ ያውቀው ነበር! ትምህርት ቤት ተምሮት አይደለም፣ ኮንቴይነር ሲጫንበት ሰምቶት ነው። ያን ቀን እሱና እኔ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን የቃሉን ቤተሰብ በሙሉ ሰበሰብነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግ መብራት መጫን ነው። ሰው ቻርጅ ተደረገ ሲባል ክስ ተጭኖበታል። ተረኛዋ ዋና ነርስ «ኢን ቻርጅ» የምትባለው የክፍሉ ሸክም በትከሻዋ ስለሆነ ነው። ካርጎም፣ ማለት ጭነቱ፣ ልጁ ነው፤ የአባዬ ካር፣ መኪናው፣ ራሱ ከዚያው ጋሪ የወረደ ነው። ካሪካቸር የሚባለው የሚያስቅ ሥዕል እንኳ የዚሁ ዘር ነው፤ አፍንጫው ከልክ በላይ የተጫነበት ሰው! አባዬ ይሄኛውን ሲሰማ የአለቃውን አፍንጫ አስታውሶ ሻይው ትን አለው። የኛ ጋሪ ከነሱ ጋሪ ይዛመድ እንደሆን ዶክተር ማቲውን ጠየቅሁት። «በህንድም ጋሪ የሚሉ አሉ፤ ዝምድናውን ግን አላውቅም» አለኝ። አላውቅም የሚል ትልቅ ሰው ደስ ይለኛል።

ለካ ቃሉ አልዋሸኝም። ስንት ቤት ቢኖረውም በየቤቱ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ያራግፋል። ሆስፒታል ታማሚውን ያራግፋል፣ ቁስል መግሉን ያራግፋል። እኔ መጠየቅ የነበረብኝ «ማን ምኑን አራገፈ?» ብዬ ነበር። ይህን ለእትዬ ሰዓዳ ስነግራት ደብተሩን አወጣች፤ ከገጹ አናት ላይ ጋሪ ሣለች። ጎማው አራት ማዕዘን ነበር፤ ግን ጋሪ መሆኑ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እጄን እየጠረግሁ ሠራሁ። ዓምና አንዲት የፀጉር ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «ዲስቻርጅድ ይላል፤ ታምሜም አላውቅ፣ ሆስፒታሉ ምን አድርጌው ነው የሚጽፍልኝ?» አለችኝ። ማን ምኑን አራገፈ ብዬ አነበብኩት። የጻፈው ሆስፒታሉ አይደለም፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ነው፤ ያራገፈውም እሷን። ከአፌ ማውጣቱ ከበደኝ፤ ግን ሳላሳምር ነገርኳት። ለሌላ ሥራ ለመሯሯጥ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ በአንደኛው ሳምንት አገኘች።

የእትዬ ሰዓዳ ሹመት ደግሞ እንዲህ ነው የመጣው። ዶክተር ማቲው ለአስተዳደሩ ደጋግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ፈትነን እንይ አሉ። እሷ ከፈተናው በፊት ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች፤ «እኔ የአራተኛ ክፍል ሰው፣ ምን ሊውጠኝ ነው!» እያለች። ፈታኟ አምስት የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈችላትና ትርጉሙን ንገሪኝ አለቻት። እትዬ ሰዓዳ ሽርጥ ባትለብስም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ለእያንዳንዱ ቃል በጥያቄ መለሰች፦ «ማን ነው ያለው? በየትኛው ክፍል? ምኑን እያሳየ?» ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይህን የሚጠይቅ አስተርጓሚ ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለች አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ አለፈች።

በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገብታ፣ በልማድ ባልዲ አንሥታ ኮሪደሩን ግማሽ ድረስ ከወለወለች በኋላ ነው አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ የነጠቀቻት።

ያን ሰኞ ማታ ደወልኩላት። «እንኳን ደስ አለሽ እትዬ! አሁን ልረዳሽ የምመጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«አትመጪም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ኸላስ። ስልክሽን ዝጊና ፊዚክስሽን አጥኚ። የልጅ ምላስ የሰው ቁስል ሲሸከም መኖር የለበትም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። አሁን አለ።»

እውነቴን ነው፣ ቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን እንቅልፌ መጣ። ከፋንታዬ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ሌሊት ስልክ ቢጠራ ብዬ ሳልሰጋ የተኛሁት ያን ቀን ነው። ነገ የአንዲት ሴት ሆድ በኔ አፍ አይታከምም! እፎይ!

ይህን ስጽፍ ፋንታዬን አስፈቅጃለሁ። ያው ቤት ውስጥ ነው ያለችው፤ ኮንትራቷን ጨርሳ አድሳለች፤ ታናናሾቿ እየተማሩ ነው፤ ዓረብኛዋ ዛሬ ከኔ ይበልጣል። «ስሜን ጻፊው» አለችኝ፤ «ግን ቆንጆ ነበረች ብለሽ ጨምሪበት።» ቆንጆ ነበረች። ዛሬም ነች።

ቀጥሎ ያለው የኔ ሳይሆን የእትዬ ሰዓዳ መልእክት ነው፤ «በይ ጻፊላቸው» ብላኛለች። ከመጪው ዓርብ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ፣ እኛ ቤት ሳሎን ትቀመጣለች። ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ሴትም ወንድም፣ ዳማምም ኾባርም ያላችሁ ኑ። ፊደል ባትቆጥሩም ኑ። እያንዳንዳችሁ ከሐኪም፣ ከማዳም ወይም ከቢሮ የሰማችሁትን አንዲት ቃል ይዛችሁ ኑ፤ ማን እንዳላት፣ የት እንዳላት፣ ምን እያሳየ እንዳላት ጭምር። የመጀመሪያዋን ቃል ፋንታዬ ራሷ ትናገራለች፤ ማዳሟ ፈቅዳላታለች፤ እንዲያውም በራሷ መኪና አደርሳታለሁ ብላለች።

እስክትታመሙ አትጠብቁ። ደህና ሳላችሁ ኑ።